ወንድነት በየሰፈሩ፦ ልጃችሁን ከድሬዳዋ ሐረር ይዛችሁ የምትወጡበት ቅዳሜ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ፣ 22 ዓመት ሙሉ የድሬዳዋን ሰው ቤት እየገባሁ ሠርቻለሁ። ሌላ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ቡናውን ጠጥቶ ይወጣል፤ እኔ ግን ማጀት ድረስ እዘልቃለሁ፤ የሚቃጠለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። በአንድ ቀን የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የሐረሪ፣ የአማራና የጉራጌ ቤት ልገባ እችላለሁ። በየቤቱ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ማን እንደሚነሣ ሳላስበው ዓይኔ ያያል። አንዱ ቤት ነውር የሆነው ነገር ሁለት አጥር አልፎ ወግ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የራሴ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት የ13 ዓመት ልጄ የእህቱን ዩኒፎርም አጥቦ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ሲሰቅል ሁለት የሰፈር ጓደኞቹ በአጥር ላይ አዩት። አንደኛው «ሴታ ሴት!» ብሎ ጮኸ። ልጄ ሳፋውን እዚያው ጥሎት ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ አልነካም፣ ሰሃን አላነሣም፤ እናቱ ቡና ቁላልኝ ስትለው «እህቴን እዘዣት» ማለት ጀመረ። እኔም ሳሎን አስቀምጬው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ እኩልነት ተናገርኩት። የጫማውን ጫፍ እያየ ሰማኝና ሲያበቃ ተነሥቶ ሄደ። መንገድ ላይ የተማረውን ነገር ሳሎን ውስጥ ላስጥለው መሞከሬ ስህተት ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ ይዤው ወጣሁ። ያ ጉዞ ጠቅሞናልና ከ12 እስከ 16 ዓመት የሆነ ወንድ ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም ተማሪ ያላችሁ ሰዎች እንድትሞክሩት እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ብቻ ውሰዱ። ሁለት ከሆኑ አንዱ ለሌላው ጀግና መምሰል ይጀምርና የምታሳዩት ሁሉ መሳቂያ ይሆናል።

ዝግጅቱ ዓርብ ማታ ነው። ለልጁ ደብተር ስጡት፣ ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈለው፣ በአንዱ በኩል «የወንድ» በሌላው «የሴት» ብሎ የመጣለትን ሁሉ ይጻፍ። ሥራም፣ ልብስም፣ ጠባይም ይሁን። እናንተ አታርሙት፤ ፊታችሁን እንኳ አታጨማዱ። ልጄ በወንድ በኩል ሱሪ፣ ሥጋ መቁረጥ፣ ገንዘብ፣ ኤሌክትሪክ፣ አለማልቀስ ብሎ ጻፈ። በሴት በኩል ቀሚስ፣ መስፋት፣ ምግብ፣ ሂና፣ ፀጉር መሠራት፣ ማልቀስ። ኤሌክትሪክን ለኔ ብሎ እንደጻፈው ገብቶኛል። የተማሩ ሰዎች አብሮን የሚወለደውን ጾታ፣ ማኅበረሰቡ የሚያለብሰንን ደግሞ ሥርዓተ ጾታ ይሉታል። ልዩነቱ ትክክል ነው፤ ለልጁ ግን በዚህ ቃል አትጀምሩለት፤ የክፍል ትምህርት መስሎት ይዘጋል።

በዚያው ማታ አንድ ሌላ ነገር አድርጉ፤ ከራሳችን ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል አንሥታችሁ አብራችሁ ተመልከቱ። እኔ «ሙያ» ከሚለው ጀመርኩ። ሰው ስልክ ደውሎ «ባለሙያ ነው» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ሽቦ እንደማውቅ ይናገራል። እዚያው ቤት ገብቼ ስለ ቤቱ እመቤት «ባለሙያ ናት» ሲባል ስሰማ ግን ወጥ እንደምታሳምር ነው የሚነገረኝ። «ሙያ የላትም» የተባለች ሴት በዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆና የተመረቀች ልትሆን ትችላለች። ቃሉ አንድ፣ ፊደሉም አንድ ነው፤ «ነው» እና «ናት» ብቻ ለሁለት ከፈሉት። ደፋር ሴት ስናይ «ወንድ ናት!» እንላለን፤ ምስጋና ነው። ወንዱን «ሴት ነህ» ማለት ግን ስድብ ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ እናቴ ጎበዝ ስትሆን ማን ትሆናለች?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እናንተም ቶሎ መልስ አትስጡ፤ ጥያቄው ከእሱ ጋር ይደር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውጡ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ልጅ ምንም አያይም። መጀመሪያ ቁርስ። ፉል የሚሠራበት ትንሽ ምግብ ቤት ምረጡ፣ ወደ ኋላ ያለው ምድጃ ከሚታይበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኛ በገባንበት ቤት ቀቃዩ ወንድ፣ ሰሃን አጣቢው ወንድ፣ ሻይ ቀጂው ወንድ ነበሩ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ውስጥም ነጭ ቆብ አድርገው የሚያበስሉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ልጁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «እነዚህ ሰዎች ማታ ቤታቸው ሲገቡ ማን ያበስልላቸዋል?» ደመወዝ ሲከፈልበት የወንድ፣ ሳይከፈልበት የሴት የሚሆን ሥራ ብዙ ነው፤ ምግብ ከሁሉም ቀድሞ የሚታየው ነው። የእኔ ልጅ ደብተሩን አውጥቶ ምግብ ከሚለው ቃል አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረገ።

ከዚያ ወደ ቀፊራ ገበያ ሂዱ። እዚህ መቸኮል የለባችሁም። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ከየአቅጣጫው ሰው ተሰበሰበ፣ እያንዳንዱም የወንድነቱን ደንብ ይዞ መጣ። ቀፊራ ላይ እነዚህ ደንቦች ትከሻ ለትከሻ ሲተላለፉ ይታያሉ። ሽርጥ የታጠቁ ወንዶችን ተመልከቱ፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ በመሐል ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። እኔም ቤት ስገባ የምታጠቀው ይህንኑ ነው፤ እዚህ የሙቀት ልብስ፣ የአባወራ ልብስ ነው። ከደጋ የመጣ የአጎቴ ልጅ ግን መጀመሪያ ሲያየኝ «ጉርድ ቀሚስ ነው እንዴ የለበስከው?» ብሎኛል። ቀጥሎ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌዎችን አሳዩት። ልጄ ሂናን ያለጥርጥር የሴት ብሎ ጽፎት ነበር፤ ሁለት ቀይ ጢም ያላቸው አባቶች ዱላቸውን ተደግፈው በፍየል ዋጋ ሲከራከሩ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዕድል ከቀናችሁ ፀጉራቸውን በቅቤ አርሰው በጥንቃቄ የጠቀለሉ የአፋር ጎልማሶችም ታገኛላችሁ። ፀጉሩን የሚያሳምረው ያ ሰው ወገቡ ላይ ጊሌ፣ የአፋሮችን ጩቤ፣ የታጠቀ ነው፤ ማንም ደፍሮ ሴታ ሴት አይለውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰውን እንደ ኤግዚቢሽን በጣት አትጠቁሙ። ልጁ ሌላውን ሕዝብ ለመናቅ ከወጣ ከቤት ባይወጣ ይሻላል። ዕቃ ግዙ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ዓይኑ በራሱ ይይ። ደግሞም የእናንተንም ወግ ከጎረቤቱ ጎን አስቀምጡት። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ትንሿን ጣት ቆልፎ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው፤ ይህ ለእኛ ወንድማማችነት ነው። እንግዳ ነገር ሆኖ የሚታይበት አገር እንዳለ ስነግረው ፈጽሞ አላመነኝም።

የሐረር ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ መኪናው ይቃትታል፣ ሰውም ዝም ይላል። የምትናዘዙት ነገር ካለ እዚያ ተናገሩ፤ ፊት ለፊት ተያይቶ የማይወጣ ቃል ጎን ለጎን ተቀምጦ ይወጣል። እኔ የነገርኩት ይህን ነው፦ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፣ ማልቀስ ሲጀምር ከሜዳው ዳር «ሴት አትሁን! ተነሣ!» ብዬ ጮኼበት ነበር። ያንን ቃል በመጀመሪያ የሰማው ከእኔ አፍ ነው እንጂ ከአጥሩ ላይ አይደለም። «አስታውሳለሁ» አለኝ መስኮቱን እያየ። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ስለ ማልቀስ ሳነሣ አባቴን ልጨምር። የባቡር ሰው ነበር፤ እኛንም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያለ አሳደገን። የሥራ ጓደኛው የሞተ ዕለት ግን ደረቱን እየመታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሙሾውን እየተቀበለ አለቀሰ። ዝም ቢል ኖሮ ሰው «ደረቅ» ብሎ ያማው ነበር። የጎረቤታችን የሙስሊም ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ደግሞ ጩኸት አይወደድም፤ ወንዱም ሴቷም በትዕግሥት እንዲሸከሙት ይመከራሉ። እንግዲህ ወንድ አያለቅስም የሚለው ደንብ ሰዓትና ቦታ አለው፤ ሰዓቱን ያወጣው ተፈጥሮ አይደለም።

የጫት ገበያዋ አወዳይ ላይ መኪናው ሲቆም ጫቱን ሳይሆን ገንዘቡን የያዘውን እጅ አሳዩት። ቅጠሉን አስረው የሚሸጡት፣ ዋጋ የሚቆርጡት፣ ዱቤ የሚመዘግቡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ልጄ ገንዘብን የወንድ ብሎ መጻፉን አልረሳም፤ ራሱ ነው ወደ እኔ ዞሮ የሣቀው።

ሐረር ስትደርሱ በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ ግቡና ከፈረስ መጋላ አደባባይ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ውረዱ። የዚህን ጉዞ ፍሬ ያገኘሁት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ሌላውን ብታሳጥሩ እንኳ ይህን አታሳጥሩ። ጠባብ መንገድ ነው፤ በግራና በቀኝ ጨርቅ ቤቶች፣ በየደጃፋቸው የእግር መኪና የያዙ ሰፊዎች። ስሙም የመጣው ከእነዚሁ የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ወንዶች ናቸው። ባዶ እጃችሁን ቆማችሁ ማየት ተገቢ አይደለምና የሚሰፋ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ኪሱ የተቀደደ የልጄን ሱሪ ይዘን ነበር።

ሱሪውን የሰጠናቸው ሰው ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ የጢማቸው ጫፍ በሂና ቀልቷል፣ መነጽራቸው አንድ እግሩ በክር ታስሯል። ክሩን በምራቃቸው አሾሉት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመርፌው ቀዳዳ አሳለፉት፣ ኪሱን ገልብጠው ዘረጉና መርገጫውን ረገጡ። መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ልጄ ጎንበስ ብሎ ቀረበ፤ ጣታቸው ከመርፌው በሩዝ ፍሬ ያህል ርቀት ጨርቁን እየመራ ይሄዳል፣ አንድ ጊዜም አልነካውም። አስቀድሜ ሁለት ጥያቄ አስጠንቼው ነበር።

«አባባ፣ ማን አስተማረዎት?»

«አባቴ። እሱንም አባቱ።»

«ቤትዎ የሸሚዝ ቁልፍ ሲበጠስስ ማን ይሰፋል?»

መርገጫው ቆመ። ሰውዬው በመነጽሩ በላይ አዩትና ከልባቸው ሣቁ። «እሷ ናት እንጂ ልጄ! ቤቴ ገብቼ ደግሞ መርፌ ልይዝ?»

ልጄ እኔን አየኝ። ዝም አልኩ፤ በዚህ ሰዓት አባት አፉን ከከፈተ ሁሉም ይበላሻል። ሒሳብ ከፍለን ጥቂት ከሄድን በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን አወጣና እንዲህ ጻፈ፦ «መስፋት፤ መንገድ ላይ የወንድ፣ ቤት ሲገባ የሴት»። ድርና ማግም እንዲሁ መሆኑን የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት፣ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ ያው ክር ከእንዝርት ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲሻገር ባለቤቱ ይለወጣል።

ጊዜ ካላችሁ ለጎብኝ ክፍት ከሆኑት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች አንዱን እዩ። ቀይ የተቀቡት መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው። ወንበር ሳይናገር ለሕፃን ማን ትልቅ እንደሆነ ያስተምራል። ግድግዳውን የሸፈኑት ስፌቶች ግን የሴቶች እጅ ናቸው፤ ቤቱን ቤት ያስመሰለው የእነሱ ሥራ ነው። የሐረሪ እናቶች በባህላዊው ቀሚሳቸው ሥር ከቁርጭምጭሚት የሚጠብ ሱሪ እንደሚለብሱም ልጁ ይይ፤ እኔ ሽርጥ ታጥቄ፣ እነሱ ሱሪ ለብሰው፣ የደብተሩ ሁለት ዓምድ የት ይግባ? የኢማም አህመድ ኢብራሂም (ግራኝ አህመድ የሚባለው) ባለቤት ድል ወንበራ በ16ኛው መቶ ዘመን ከባሏ ጦር ጋር አብራ እንደዘመተች በዚሁ ከተማ ሊነገረው ይገባል።

ስትመለሱ፣ ልጁ ሳይደክመው፣ የሕጉን ነገር በጥቂቱ ንገሩት፤ ደንብ ሰው ያወጣዋል፣ ሰውም ይለውጠዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አንሥቶ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ይህ ሕግ እዚህ በቀጥታ ይሠራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለእናት ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ከነደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ምንም ከሌለበት ዘመን ይሻላል። ሆኖም አባትዬው በአራተኛው ቀን ሥራ እንዲገባ ሲጠበቅ፣ ሕፃኑን ማጠብ የሚለምደው ማን እንደሚሆንም አብሮ ተወስኗል።

አሁን ከስህተቶቼ ሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። ማታ ቤት ስንገባ ልጄ ደብተሩን ይዞ ለእህቱ ሊያሳያት ሮጠ። እሷ የ15 ዓመት ልጅ ናት። እጇን በሊጥ ነክራ አገኛት። ቀኑን ሙሉ እኛ የምንመለስበትን እራት ስታዘጋጅ፣ የእሱን ድርሻ ሰሃን ጨምራ ስታጥብ ውላለች። «ስለ ሴት ሥራ ለማወቅ ሐረር ድረስ ሄዳችሁ?» አለች፤ ድምፅዋ አልተቆጣም፣ ያ ይበልጥ ወጋኝ። ስለዚህ ይህን አስቀድማችሁ አድርጉ፦ የሚወጡት ሰዎች ከመውጣታቸው በፊት የቀኑን ምግብ ሠርተው፣ ዕቃውን አጥበው ይውጡ። ይህ ካልሆነ ጉዞው ሽርሽር ነው።

ከጉዞው በኋላ የሚከብደው አያት ናቸው። እናቴ «የወንድ ልጅ እናት ታጠቂ በገመድ ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝ፤ የልጅ ልጄን ማጀት አታስገባብኝ» ብላ አኮረፈች። አትከራከሯቸው፤ ልጁም እየሰማ አያቱን አታሳንሱ። ያደጉበትን ዘመን ጠይቁ። እኔ «እማዬ፣ አባባ አዋሽ ሲያድር ምን ይበላ ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሽሮውን ራሱ ነበር የሚሠራው፤ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል ይሉት ነበር» አለች። ድሬዳዋ ሲመለስ ግን ድስት ነክቶ አያውቅም። እናቴ ይህን ስትናገር ራሷ ተገረመች። በሳምንቱ ለልጄ የበርበሬ ሽሮ እንዴት እንደሚበጠበጥ ያሳየችው እሷው ናት፤ እሱ ሲያማስል እየተቆጣች።

እኔስ? ሃያ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስጠግን ኖሬያለሁ። የምጣዱ ሽቦ የት እንደሚበጠስ በጠረኑ ብቻ አውቃለሁ። ጠግኜ ስጨርስ ውሃ ረጨት አደርግበትና ሲንጨረጨር «እትዬ፣ ይሞክሩት» ብዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሊጥ አፍስሼበት አላውቅም ነበር። ከሐረር በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ሚስቴ እጄን ይዛ አስጀመረችኝ፦ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል፣ ሳያቋርጡ፣ እያዞሩ። የመጀመሪያው ተቆራረጠ፣ ሁለተኛው መሐሉ ወፈረ፣ አራተኛው ዓይን አወጣ። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ቀጣዩን እሱ እንዲያፈስ አልጠየቅሁትም፤ እናንተም አትጠይቁ። ራሱ መጥቶ «ተራዬን ስጠኝ» እስኪል ጠብቁ። የእኔ አንድ ወር ፈጅቷል። ልብስ ማጠቡን ቶሎ ጀመረ፤ ገመዱ ላይ መስቀሉን ግን ለረጅም ጊዜ ጨለማ ሲሆን ነበር የሚያደርገው፤ አልተናገርኩትም።

እህቱ ደብተሩን ወስዳ የራሷን ጉዞ አወጣች። የምትፈልገው ሐረርን አይደለም። አያቷ የሠራበትን የአሮጌውን ባቡር ጥገና ቤት ማየት፣ ቀጥሎ መልካ ጀብዱ ወርዳ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ማየት ነው፤ ሞተሩ ኃይሉን ከላይኛው ሽቦ እንዴት እንደሚወስድ እንዳስረዳት አስቀድማ ነግራኛለች። በመጪው ቅዳሜ እንወጣለን። ምሳውን እኔና ወንድሟ ዓርብ ማታ እንሠራለን።